ከሆሳዕና መናኸሪያ እስከ ጫሞ

እኛ ባልና ሚስት ልጆቻችንን አስተምረን ድረናል። አሁን ጉልበታችን ሳይከዳን የመጀመሪያ የጀልባ ጉዟችንን አቅደናል።

በአውሮፓ 10 አገሮችን በሚነካው በዳኑብ ወንዝ በመርከብ የሚጓዙ አዛውንት ሻንጣቸውን የሚፈቱት አንድ ጊዜ ነው፤ ማደሪያቸው አብሯቸው ይሄዳል። እኛም በየከተማው ከመንከራተት አርባ ምንጭ ላይ አንድ ክፍል ይዘን ሦስት ሌሊት ልናድር ተስማምተናል።

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ከሆሳዕና መናኸሪያ ተነስተን በዶዮገናና በአረካ በኩል ሶዶ እንደርሳለን። እዚያ ወርደን እግራችንን እናፍታታለን። ከሶዶ ወዲያ ውሃው ቀላ ያለው የአባያ ሐይቅ በስተግራ ይታያል። አርባ ምንጭ ስንደርስ ዙህርና ዐስርን እንደ መንገደኛ ሁለት ሁለት ረከዓ እንሰግዳለን።

ጫሞ ላይ የምንሳፈረው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሊያይል ይችላል። ሐይቁ አዞና ጉማሬ ስላለበት እጃችንን ውሃ አናስነካም፤ ላይፍ ጃኬትም ሳንለብስ አንሳፈርም። አገሩ ቆላ ነውና ለወባ አጎበር ይዘናል።

ልጆቻችን «በዚህ ዕድሜ?» ብለውናል። ግን ጉልበት የሚጨምርልን ዓመት ከፊታችን የለም። ወላጆች ያሏችሁ ወጣቶች ሆይ፣ መናኸሪያ ቀድማችሁ ሄዳችሁ የፊት ወንበር ያዙላቸው። ቀሪውን አላህ ያግራው።