«መጣሁ በያት»

ባለፈው ዓመት ግንቦት መግቢያ ላይ ልጄን ልጠይቅ ወደ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሄጄ ነበር። ባለቤቴ ልጇን ልታርስ ሁለት ጊዜ ስለሄደች፣ በዚህኛው ተራው የእኔ ሆነ። እዚያ በሰነበትኩበት ጊዜ ብዙ ነገር አይቻለሁ። ለሰው ይወራ ብዬ ይዤ የመጣሁት ግን ሐውልትም ሙዚየምም አይደለም፤ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ፣ በአንድ የሰፈር ምግብ ቤት ውስጥ የሰማሁትን ነው።

ዕለቱ አሜሪካኖች የእናቶች ቀን የሚሉት ነበር። በየዓመቱ በሜይ ወር ሁለተኛው እሑድ ይውላል፤ በመንግሥት ደረጃ መከበር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። ከቅዳሴ መልስ አማቼ መኪናውን ወደ ቤት መንገድ አላስያዘውም። «ዛሬ ኩሽና የምትገባ እናት የለችም፣ አባባ» አለኝ።

የደረስንበት ቤት ግማሹ ሬስቶራንት፣ ግማሹ ባር ነው። በር ላይ ስማችንን አስመዝግበን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመን ጠበቅን። ከባንኮኒው ጀርባ ጠርሙስ በጠርሙስ ላይ ተደርድሯል። ከባንኮኒው ወዲህ ደግሞ ሕፃናት የሚቀመጡበት ረጃጅም ወንበር፣ አያቶች፣ ጋሪ ውስጥ የተኙ ጨቅላዎች። መጠጥ ቤት ነው ወይስ መዋዕለ ሕፃናት ብዬ ግራ ገባኝ። የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጄ ገና ከመቀመጧ አስተናጋጇ ወረቀትና ባለ ቀለም እርሳስ ሰጠቻት።

ይህን በቁርስና በምሳ መካከል የሚበላ ምግብ «ብራንች» ይሉታል። ሁለቱን የእንግሊዝኛ ቃላት አጣምረው የሠሩት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1895 አንድ እንግሊዛዊ ጸሐፊ ከእሑድ ጸሎት በኋላ የሚቀርበው ከባድ ምሳ ቀርቶ በዚህ ይተካ ብሎ ጽፎበታል። አማቼ ይህን ሲያስረዳኝ ሳቄ መጣ። እኛ ተማሪ ሳለን «ቁምሳ» እንለው አልነበር? ልዩነቱ እኛ ቁርሱን ከምሳው የምናገናኘው ኪሳችን ባዶ ሲሆን ነው። እነሱ ገንዘብ ከፍለው፣ ተሰልፈው ይበሉታል።

ምግቡ ቀረበ። ለእኔ እንቁላል ከድንች ጥብስ ጋር፤ ለአማቼ ዋፍል የሚባል ቂጣ መሳይ ነገር ከተጠበሰ ዶሮ ጋር። በዶሮው ላይ ከዛፍ የሚወጣ፣ ማር የመሰለ ሽሮፕ ሲያፈስበት ዓይኔን ወደ ሌላ አዞርኩ። ልጄ ደግሞ ሚሞዛ አዘዘች። ሚሞዛ የብርቱካን ጭማቂና አረፋ ያለው ወይን ተቀላቅሎ በቀጭን ብርጭቆ የሚቀርብ ኮክቴል ነው። አስተናጋጇ የሁለት ልጆች እናት የሆነችውን ልጄን መታወቂያ ጠየቀቻት፤ እዚያ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ አይሸጥም። እኛም አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ያንኑ ዕድሜ ደንግጓል። አማቼ የሚነዳው እሱ ስለሆነ ቡና ብቻ አለ።

ብርጭቆው ሲመጣ ፊቴ ሳይለዋወጥ አልቀረም። ዝም ብል ይሻል ነበር፤ አላልኩም።

«ልጄ፣ በእሑድ ጠዋት? ያውም በልጆችሽ ፊት?» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

አልተቆጣችም። ብርጭቆውን አስቀምጣ ፈገግ አለችና፣ «አባባ፣ እሑድ በአምስት ሰዓት አንተ የት ነበርክ?» አለችኝ።

የት እንደነበርኩ ሁለታችንም እናውቃለን። የሰፈራችን ግሮሰሪና ሥጋ ቤቱ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ነበሩ። እሑድ ከረፋዱ 4 ሰዓት ሲል ጓደኞቼ ይሰባሰባሉ። ጥሬ ሥጋ፣ አዋዜ፣ ሚጥሚጣ፤ መጀመሪያ ድራፍት፣ ቆየት ሲል ጂን በአምቦ ውሃ። አሁን ሳስበው ያም ኮክቴል ነበር። ስሙን ሳላውቀው ለሠላሳ ዓመት ያህል በየሳምንቱ ብራንች ስበላ ኖሬያለሁ ማለት ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን ሚስቴም ልጄም አልነበሩም።

ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ልጄ ትመጣለች። እናቷ ናት የምትልካት። በሩ ላይ የተንጠለጠለውን የጨሌ መጋረጃ ገለጥ አድርጋ፣ «አባባ፣ ምሳ ደርሷል» ትለኛለች። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ጓደኞቼ ጉንጯን ይስሟታል፤ እኔም ለከረሜላ የሚሆን ሳንቲም እሰጣትና «መጣሁ በያት» እላታለሁ። ቤት የምደርሰው 10 ሰዓት ላይ ነው። ይህን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ሰካራምም አልነበርኩም፣ ደመወዜንም አጥፍቼ አላውቅም። ራሴን እንደ ጥሩ አባት ነበር የምቆጥረው።

«ከዚያ በኋላ የት እንደምሄድ ታውቃለህ?» አለችኝ ልጄ።

«ወደ ቤት ነዋ!»

«አልሄድም። ‹መጣሁ› ብለኸኛላ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ። ያለ አንተ ከተመለስኩ እማዬ ወጡን እንደገና ታሞቀዋለች፤ ያን ማየት ስለማልወድ ነው።»

የልጅ ልጄ ቀለም መቀባቷን አቁማ ስታዳምጥ ነበርና፣ «ማሚ፣ ለምን ገብተሽ አብረሽው አልበላሽም?» ብላ ጠየቀች።

ማንም አልመለሰላትም። አማቼ ትንሹን ልጅ የሚያበላ መስሎ አቀረቀረ። እኔ ምን ልበል? መጠጥ ቤት ለሴት ልጅ አይሆንም ነበር ልላት ፈለግሁ። እሷ ደግሞ ከባንኮኒው ሦስት ክንድ ያህል ርቃ ፓንኬክ እየበላች ነው።

«ይቅር በይኝ» አልኳት ልጄን በመጨረሻ። በሕይወቴ ለልጄ ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ይመስለኛል።

«እኔስ ተውኩት፣ አባባ» አለች። «እማዬን ነው እንጂ።» ስልኳን አውጥታ ለእናቷ ደወለች። እዚያ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ሲሆን አዲስ አበባ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ባለቤቴ በስክሪኑ ላይ ነጠላዋን እያስተካከለች ብቅ አለች። ብቻዋን ቡና አፍልታ ተቀምጣለች። «ጎሽ፣ ልጆቼን ጋብዛችሁልኛል!» አለች ሳህኖቹን አይታ። ሂሳቡን የከፈለው አማቼ ነው፤ ለአስተናጋጇ እስከ 20 በመቶ ጉርሻ ጨምሮ። እኔ በዚያች ሰዓት ለማንም የጋበዝኩት ነገር አልነበረም። ልጄ የተነሳችው ሚሞዛዋን ግማሹን ትታ ነው።

ወደ አዲስ አበባ የተመለስኩት በሰኔ ነው። በመጀመሪያው እሑድ ባለቤቴን «ምሳ አትሥሪ፣ እንወጣለን» አልኳት።

«ምን አጥፍተህ ነው?» አለችኝ።

ያ ግሮሰሪ ፈርሷል። በቦታው ፎቅ ቆሟል፣ ከሥሩ ሬስቶራንትና ባር ተከፍቷል። ልጄ ትቀመጥበት የነበረው ደረጃም የለም። ገብተን መስኮት አጠገብ ተቀመጥን። የሐዋርያት ጾም ገብቶ ስለነበር የጾም ፍርፍር አዘዝን። እሷ ስፕሪስ አስመጣች፤ አቮካዶው፣ ማንጎውና ፓፓያው ተደራርቦ ሲመጣ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና «የእኔ ኮክቴል ይኼ ነው» አለች። በዚህ ሰፈር አርባ ዓመት ኖራለች። ከእኔ ጋር ምግብ ቤት ስትገባ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ልጃችን የነገረችኝን እየፈራሁ አወራኋት። ደረጃው ላይ ትቀመጥ እንደነበር ስነግራት አልደነገጠችም።

«አውቃለሁ» አለች። «ስትቆይብኝ መጥቼ የማነሳትስ እኔ አይደለሁ?»

በየእሑዱ ሚስቴ ከዚያ በር ደጃፍ ደርሳ ትመለስ እንደነበር የሰማሁት ያን ቀን ነው። እኔ ውስጥ ስስቅ፣ እሷ ደጅ ልጇን እጇን ይዛ አስነስታ ወደ ቤት ትሄዳለች። አንድ ቀን እንኳ መጋረጃውን ገልጣ አልገባችም፤ እኔን በጓደኞቼ ፊት ላለማሳፈር ብላ።

ውድ አንባቢያን፣ መጠጥን ላወድስ ወይም ፈረንጅ የሚያደርገውን ሁሉ እናድርግ ልል አይደለም። ከጓደኛ ጋር መጫወትንም አልኮንንም። ልጆቻችን ምን እንደሚጠጡ ከመቆጣጠራችን በፊት፣ እነሱ እኛን ስንጠጣ የት ሆነው ያዩን እንደነበር ብናስብ ብዬ ነው። ያቺን የስምንት ዓመት ልጅ ከደረጃው ላይ አንስቼ ላመጣት አልችልም። እናቷ ግን አሁንም እዚሁ አለች።

ፍርፍሩን ሳንጨርስ ስልኬ ጮኸ። ከድሮዎቹ ጓደኞቼ አንዱ ነው፤ ከተመለስኩ አልተገናኘንም።

«የት ነህ? እየጠበቅንህ ነው!» አለኝ።

«መጣ…» ብዬ አፌ ላይ ያዝኩት። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«ዛሬ አልመጣም» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ወደ ፍርፍሩ በጥድፊያ እጄን ሰደድኩ፤ ለምን እንደቸኮልኩ አላውቅም።

«ቀስ ብለህ ብላ» አለችኝ። «ቤት የሚቀዘቅዝ ወጥ የለም።»