ለአውቶቡሱ ያወጣነው እስክሪብቶ



አስኮ ስናድግ ከመድረሳ እንደወጣን ኮፍያችንን ኪሳችን ከትተን ወደ ቪዲዮ ቤት እንሮጥ ነበር። «ትሩ ላይስ»ን (እ.ኤ.አ. 1994) ያየነው እዚያ ነው። አርኖልድ የ«ክሪምሰን ጂሃድ»ን መሪ ሚሳኤል ላይ እንደተንጠለጠለ ሲተኩሰው ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኛም አጨበጨብን።

ዛሬ ዶርም ውስጥ ፊልም ስናይ እስክሪብቶ እናነሳለን። «ስፒድ» ላይ አውቶቡሱ 15 ሜትር ያህል የተቆረጠ መንገድ ይዘላል። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ቢከንፍ እንኳ ክፍተቱን ለማለፍ ግማሽ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። ከወዲያኛው ጠርዝ ጋር መላተሙ ነው! እንስቃለን፣ ፊልሙን ግን እንወደዋለን።

ያላሰላነው ሌላውን ነው። ጃክ ሻሂን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ ከ900 በላይ ፊልሞችን መርምሮ፣ ዐረብ በአብዛኛው ጨካኝ ተደርጎ እንደሚሳል አሳይቷል። «ዘ ሲጅ» (እ.ኤ.አ. 1998) ሙስሊሞች በጅምላ ሲታሰሩ ግፉን ስለሚያሳይ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ውዱእን ከፍንዳታ ጋር ያያይዛል።

ፊልም አትዩ አንልም፤ እኛም እናያለን። ግን ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘናል። ለአውቶቡሱ ያወጣነውን እስክሪብቶ ለዚህም እናውጣው። ታናናሾቻችን አጠገባችን ተቀምጠው ሲያጨበጭቡም፣ የሞተው ሰውዬ ማን ተብሎ እንደቀረበ እንጠይቃቸው። እኛን የጠየቀን አልነበረም።