ውሃ የተሞላ ጎማ

በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች በእርሻ ወቅት ደጋግሞ የሚታይ ነገር አለ። ማረሻው መሬት ሲነክስ የትራክተሩ የኋላ ጎማ ባለበት ይሽከረከራል፤ ሹፌሩም ነዳጅ ይጨምራል። ጎማው የጎደለው ክብደት ነው። በዚህ ውድ ናፍጣ አፈር ሲፋቅ ማየት ያንገበግባል።

*

ርካሹ መድኃኒት ጎማው ውስጥ ውሃ መሙላት ነው። መለካት ግን ይቅደም። ጎማው ላይ በኖራ ምልክት አድርጎ፣ ማረሻውን አንስቶ 10 ዙር መሄድ፤ ከዚያ እያረሱ ያንኑ መድገም። በባዶው 44 ሜትር የሄደ ትራክተር እያረሰ 38 ከሄደ፣ መንሸራተቱ ወደ 14 በመቶ ነው። በኋላ እግሩ ብቻ ለሚነዳ ትራክተር ከ10 እስከ 15 በመቶ ደህና ነው። ከዚያ ካነሰ ቀድሞውንም ከብዷል፤ አንድ ሊትር አይጨመርለት።

*

ብዙዎች ጎማውን ጢም አድርገው ይሞሉታል። ውሃ አይጨመቅም፤ ጎማው ድንጋይ ሲረግጥ ምቱን የሚያበርደው አየር ነው። ስለዚህ ትራክተሩን በክሪክ አንስቶ፣ ከሥሩ ጠንካራ እንጨት አስደግፎ፣ ቫልቩን ወደ አናት ማዞር፤ አየሩን ጨርሶ አስተንፍሶ የቫልቩን ውስጠኛ ክፍል መፍታትና ውሃውን በቱቦ መልቀቅ። በየመሃሉ ቱቦውን እየነቀሉ የታመቀውን አየር ማስወጣት ያስፈልጋል። ውሃው ቫልቩ ጋ ሲደርስ ይበቃል፤ ሦስት አራተኛው ሞላ ማለት ነው። 16.9-30 የሚባለው ጎማ በዚህ ልክ ወደ 300 ሊትር ይይዛል፤ ሁለቱ ጎማዎች 600 ኪሎ ገደማ ይጨምራሉ። በመጨረሻ አየሩን በልኩ መንፋት፤ ሲለካም ቫልቩ አናት ላይ ይሁን።

*

በሰሜን አሜሪካ ብርዱ ውሃውን በረዶ ስለሚያደርገው ገበሬዎች ካልሲየም ክሎራይድ የተባለ ጨው ይቀላቅላሉ። ክብደትም ይጨምራል። ከመነዳሪው ሲቀደድ ግን ቸርኬውን ይበላዋል። የእኛ ደጋ የሌሊት ውርጭ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል፤ ንጹህ ውሃ ይበቃናል። የራዲያተር ፀረ በረዶ ፈሳሽ መጨመር ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ ብዙው የሚሠራበት ኤቲሊን ግላይኮል ይጣፍጣል፤ ከጎማ የፈሰሰውን የላሰ ከብት ሊሞት ይችላል።

*

ዝናብ በጠገበ መረሬ ላይ መንሸራተትን በክብደት ማሸነፍ ጥፋት ነው። ጎማው ለጊዜው ቢይዝም ከማረሻው በታች ያለው አፈር ይጠቀጠቃል፤ የስንዴው ሥር ያንን ንጣፍ በስቶ አይወርድም። የኪራይ ትራክተር ባለቤት ቀን ይቆጥርበታል፤ ጉዳቱ ግን የሚቀረው ባለማሳው ጋ ነው። ባለማሳው “መሬቱ ይጠንፈፍ” ብሎ የማስቆም መብት አለው፤ ሊጠቀምበትም ይገባል።

*

ውሃ ያለው የኋላ ጎማ ከነቸርኬው ከ400 ኪሎ ያልፋል። ሳያውቅ የሚፈታው ጎሚስታ ሥሩ ሊቀር ይችላል። ጎማችሁን ውሃ የሞላችሁ ሁሉ፣ ቸርኬው ላይ በደማቅ ቀለም “ውሃ አለው” ብላችሁ ጻፉ።