እጃቸውን ሲያነሱ አይቻለሁ

የቅዳሜውን ጥፋት የጀመርኩት ማክሰኞ ነው።

ማክሰኞ በልምምድ ሠንጠረዤ ላይ የፍጥነት ቀን ነበር፤ አንድ አንድ ኪሎሜትር ስምንት ጊዜ፣ በመሐሉ ሁለት ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ። ሰኞ ማታ የጣለው ዝናብ ሌሊቱን ወደ በረዶ ተለውጦ ስላደረ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ የምኖርባት የሲልቨር ስፕሪንግ አስፋልት ጠዋት ላይ መስተዋት ሆኗል። እግሬን ከደጃፉ አሳለፍኩ፣ ተንሸራተትኩ፣ ግድግዳ ይዤ ተመለስኩ። ትሬድሚል ፍለጋ ጂም ብሄድ ሥራ ይረፍድብኛል። ስለዚህ ቀረሁ። መቅረቴ ልክ ነበር፤ በረዶ ላይ የፍጥነት ልምምድ የሚሠራ ሰው ስብራት ነው የሚያተርፈው። ስህተቱ የቀረውን ልምምድ እንደ ዕዳ መቁጠሬ ላይ ነው።

የማራቶን ልምምድ ዕዳ የለውም። ያለፈው ቀን አለፈ፤ በማግስቱ ደርቦ ልክፈል የሚል ሰው የሚከፍለው በጅማቱ ነው። ይህን ለጀማሪዎች ስመክር ኖሬያለሁ። ረቡዕ ማታ በጨለማ፣ ግንባሬ ላይ መብራት አስሬ ለስላሳ ሩጫ መሮጥ ሲገባኝ ፈጠን አልኩ። ሐሙስ ደግሞ ነፋሱ ፊት ለፊት እየገፋ አላስኬድ አለኝ፤ ያሰብኩትን ግማሽ ሳልሠራ ጆሮዬን ይዤ ገባሁ። ዓርብ ዕረፍት። ዓርብ ማታ ሠንጠረዡን ሳየው የሳምንቱ ሁሉ ነገር ቅዳሜ ላይ ተከምሯል።

እዚህ ላይ ማን እንደሆንኩ ልናገር። አርባዎቹን ያጋመስኩ፣ ቀኑን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ የምውል ሰው ነኝ። ሐበሻ በመሆኔ ብቻ ከእናቴ ሆድ እየሮጥኩ የወጣሁ የሚመስላቸው ፈረንጅ ባልደረቦች አሉኝ። ሩጫ የጀመርኩት ግን እዚሁ ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ቀበቶዬ አልደርስ ሲል ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቦስተን ማራቶን የሚባል ምኞት ገባብኝ። ቦስተን እንደሌላው ውድድር ገንዘብ ከፍሎ ብቻ አይገባም፤ በዕድሜና በፆታ የተለየ የመግቢያ ሰዓት አለው። ሰዓቱን ማምጣትም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ አመልካች ሲበዛ ቅድሚያው ከመግቢያው ሰዓት ይበልጥ ዝቅ ላለው ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ሰከንድ ወረፋ ናት። በኤፕሪል የምሮጠውን ማራቶን በኪሎሜትር 4 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ፣ በድምሩ 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ አካባቢ ልጨርስ ቆርጬ ነበር። ያን ሰሞን የልጄን የልደት ቀን ብትጠይቁኝ አስቤ ነው የምመልሰው፤ 4:30 ግን በእንቅልፌም አትጠፋኝም።

የማወራላችሁ ሌላው ሰው፣ ጋሼ የምላቸው ወዳጄ፣ ስድሳን አልፈዋል። መሐል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ይሠራሉ፤ የተዋወቅነውም እዚያው መኪናዬን ሳቆም፣ ደረጃ ስወጣ እንደማለከልክ አይተው ነው። «ቅዳሜ ና፣ አብረን እንሂድ» አሉኝ። በመጀመሪያው የብርድ ወራት ስላይጎ ክሪክ የሚባለውን የወንዝ ዳር መንገድ ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ኋላ ስቀር ግን ቆመው አይጠብቁኝም ነበር፤ ዞረው ተመልሰው መጥተው ይወስዱኛል። በብርድ የቆመ ሯጭ ላቡ ይበርድበታል፣ ላቡ የበረደበት ሰው ደግሞ አይነሳም ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ሯጭ ከዜሮ በታች ያለን ቅዝቃዜ በስስ ልብስ የሚችለው ሰውነቱ እየሠራ ሙቀት ስለሚያመነጭ ነው። ሲቆም ግን ያ ሙቀት ይቋረጣል፣ እርጥቡ ልብስም የቀረውን ይመጠዋል፤ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ብዙ አይቆይም። ይህን እንድታስታውሱልኝ እፈልጋለሁ፤ ሳላውቅ ያደረግሁት ነው እንዳልል የሚከለክለኝ ይኸው ስለሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት ከአሌክሳንድሪያ አሮጌው ከተማ ተነሳን። በእኔ መኪና ነው የመጣነው። ማውንት ቨርነን ትሬል በቨርጂኒያ በኩል የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ 29 ኪሎሜትር ያህል የሚሄድ መንገድ ነው፤ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ደቡቡ ጫፍ፣ እስከ ጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ ቤት ያለው ወደ 15 ኪሎሜትር ይሆናል። ደርሶ መልስ የማራቶን ሯጭ ረጅም ሩጫ ማለት ነው። ሳምንቱ የሁዳዴ ጾም መጀመሪያ፣ ዘወረደ፣ ነበር። ጓንቴ ውስጥ የከተትኩትን፣ ሯጭ በመንገድ ላይ የሚመጠውን የኃይል ጄል ወተት እንዳይኖርበት ማሸጊያውን አገላብጬ በደንብ አንብቤዋለሁ። በዚያ ቀን ስለ ጾም የተጠነቀቅሁት ይህን ነው።

ውላችን እንዲህ ነበር። ስንሄድ አብረን፣ በእሳቸው እግር፤ እሳቸው ሲበቃቸው ይመለሳሉ፣ እኔ እስከ ጫፍ ሄጄ ስመለስ የመጨረሻውን 10 ኪሎሜትር በማራቶን ፍጥነት አጠናቅቃለሁ። ሱሉልታና ሰንዳፋ ጫካ የሚገቡ ሯጮች አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰልፈው እንደሚሮጡት እኛም እንደዚያ ነው ልማዳችን፤ የፊተኛው መንገድ ይመርጣል፣ የኋለኛው እግሩን ይከተላል፣ መሪነቱ ይፈራረቃል። ጋሼ ሲመሩ ያወራሉ። የዚያን ቀን ያነሱት የአበበ ቢቂላንና የማሞ ወልዴን ቦስተን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ሁለቱ ከፊት ሆነው መንገዱን ሲያጋምሱት ሪከርዱ የሚሰበር መስሎ ነበር፤ ኮረብታዎቹ ላይ ግን ቀዝቃዛው ነፋስ ያዛቸው። ቤልጂጋዊው ቫንደንድሪሽ አሸነፈ፣ አበበ አምስተኛ፣ ማሞ አሥራ ሁለተኛ ወጡ። «አበበን ያሸነፈው ሰው እንዳይመስልህ፣ ብርድ ነው» አሉ ጋሼ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነበር። ካሰብኩት በኪሎሜትር ብዙ ሰከንድ እየዘገየን ነው።

ቤል ሄቨን ከሚባለው መናፈሻ አለፍ እንዳልን «ጋሼ፣ ልቅደም እንዴ?» አልኳቸው። «ቅደም ልጄ» አሉኝ። ሌላ ምን ይሉኛል? ተጠይቀው እምቢ የሚሉ ሰው እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ስጠይቅም መልሱን ይዤ ነው።

ከቤል ሄቨን ወደ ደቡብ መንገዱ ረግረግ ያቋርጣል፤ ረግረጉን የሚያሻግረው የእንጨት ድልድይ ነው። ድልድይ ከምድር ቀድሞ በረዶ ይይዛል፤ ነፋስ ከላይም ከታችም ያቀዘቅዘዋል፣ ከሥሩ የሚያሞቀው አፈር የለውም። ስሄድ እኔም እዚያ ላይ ተንሸራትቼ የብረት መደገፊያውን ይዤ ተርፌያለሁ። ከኋላዬ የሚመጡ ሽማግሌ እንዳሉ በዚያች ቅጽበት ትዝ አሉኝ። ስልክ ልደውልላቸው፣ «ድልድዩ ላይ በርምጃ ይለፉ» ልበላቸው አሰብኩ። ጓንቴን ማውለቅ ነበረብኝ። ቀጠልኩ።

እስከ ጫፍ ደርሼ፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ዳገት ወጥቼ፣ ተመለስኩ። አሥሩ ኪሎሜትር ሲጀምር እግሬ ተለቀቀ፤ ሳምንቱን ሙሉ የፈለግሁትን ፍጥነት አገኘሁት። አምስት ኪሎሜትር ያህል ሲቀረኝ ድልድዩ ጋ ደረስኩ። ከወንዙ ጉም ይነሳል፣ ግን አያጋርድም። ጋሼ ከድልድዩ ማዶ፣ ከመንገዱ ዳር መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ግራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። ቀኝ እጃቸውን አነሱ።

እኔም እጄን አነሳሁ። አልፌ ሄድኩ።

አስቤበት ያደረግሁት አይደለም ብል ግማሽ እውነት ነው። መጀመሪያ ሰላምታ ነው ብዬ አሰብኩ። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ስሄድ ግን ጋሼ በብርድ ተቀምጠው እንደማያውቁ ትዝ አለኝ። ዕረፍት ይሆናል አልኩ። ወዲያው የሚያሳፍረኝን ክርክር ከራሴ ጋር ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ኦሊምፒክ ላይ አበበ 17ኛው ኪሎሜትር አካባቢ በእግር ጉዳት ሲያቋርጥ ማሞ ቀጥሎ ሄዶ ወርቁን አላመጣም? ጓደኛ ሲቆም ሁሉ ይቆማል እንዴ? ክርክሩ ይህን ያህል ርቆ ሜክሲኮ መድረሱ ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ያላጠፋ ሰው ጠበቃ ፍለጋ ያን ያህል አይሄድም። አበበ ሐኪም፣ ዳኛና መኪና ባለበት የኦሊምፒክ ጎዳና ላይ ነበር። ጋሼ አንድ ሰው ብቻ ነበራቸው፤ እሱም አልፏቸው ሄደ።

መኪናዬ ጋ ደርሼ ሰዓቴን አቆምኩ። የአሥሩ ኪሎሜትር አማካይ 4:29። ደስ አለኝ። ሙቀቱን ከፍቼ፣ ደረቅ ሹራብ ለብሼ፣ ከፔርሙዝ ሻይ እየጠጣሁ ሩጫውን ስትራቫ በሚባለው የሯጮች መተግበሪያ ላይ ጫንኩ። ጋሼ ዘገዩ። ደወልኩ፣ ስልካቸው ዝግ ነው፤ ብርድ ባትሪ ይገድላል። ተነስቼ በእግሬ ወደ ኋላ ስሄድ ቤል ሄቨን ጋ አምቡላንስ ቆሟል። ውሻዋን ልታንሸራሽር የወጣች አንዲት ሴት ካፖርቷን አውልቃ ደርባላቸው፣ በራሷ ስልክ ጠርታላቸው ነው። ድልድዩ ላይ ወድቀው የግራ አንጓቸው ተሰብሯል። ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል።

«ጋሼ! ምን ሆኑ? የት ነው የወደቁት?» አልኩ። የት እንዳሉ እያወቅሁ።

«አላየኸኝም አይደል? ጉም ነበር» አሉኝ።

«አላየሁዎትም» አልኩ።

ለዚህ ቃል ነው ይህን የምጽፈው። ማለፌን ድካም፣ ቅዝቃዜ፣ የሯጭ እብደት ልለው እችላለሁ፤ «አላየሁዎትም» ስል ግን እግሬ ቆሞ ነበር፣ ትንፋሼም ተመልሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሐበሻ እንደሚያደርገው ጠያቂ ቤታቸውን ሞላው። እኔም ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። የመጣ ሁሉ «አብሮዎት የነበረው ሰውስ?» ይላል፤ ጋሼ ለእያንዳንዱ «ጉም ነበር፣ ልጁ አላየኝም፣ ምን ያድርግ» እያሉ ይመልሳሉ። ባለቤታቸው አንዴ ቡና እየቀዱ «ሰው በሰው አጠገብ ሲያልፍ አያይም?» አሉ፣ ወደ እኔ ሳይመለከቱ። ጋሼ ተቆጧቸው። እኔ ስኒዬን ይዤ ዝም።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2018ቱ የቦስተን ማራቶን፣ ዝናብና ነፋስ ሯጩን ሁሉ በበጠሰበት ቀን፣ አሜሪካዊቷ ዴዚሬ ሊንደን አላዋጣኝም፣ ላቋርጥ ነው ብላ ታስብ ነበር። የአገሯ ልጅ ሻሌን ፍላናገን መጸዳጃ ስትገባ ፍጥነቷን ቀንሳ ጠበቀቻት፣ ነፋሱን እየከለለች ወደ ቡድኑ መለሰቻት። ያን ቀን ያሸነፈችው ሊንደን ናት፣ በ2:39:54። ይህን ታሪክ ለጀማሪ ሯጮች ስንት ጊዜ በኩራት እንደተረክሁ አልነግራችሁም። ድምፄን ዝቅ፣ ከፍ እያደረግሁ ነው የምተርከው።

ለንስሐ አባቴ በሁዳዴው ውስጥ ነገርኳቸው። ስግደት ሰጡኝ፤ እሱ ቀላል ነበር፣ ጉልበት አለኝ። ቀጥለው ግን «ለሰውየውስ ነግረሃል?» አሉኝ። አልነገርኩም። «እንግዲያ ገና አልጨረስክም» አሉ። ለጋሼ የነገርኳቸው ከፋሲካ በኋላ፣ ጄሶው ከተፈታላቸው ወዲህ ነው። በመሐሉ ማራቶኑን ሮጫለሁ። ያሰብኩትን ሰዓት አምጥቻለሁ። የቦስተንን ማመልከቻ ትቼዋለሁ ብዬ ብጽፍ ጽሑፉ ያምር ነበር፤ አልተውኩትም፣ አስገብቻለሁ።

ቤታቸው ሄጄ፣ ባለቤታቸውም ባሉበት ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ አንጓቸውን ሲያሹ ቆዩ። የጠበቅሁት «ተወው፣ አለፈ» የሚለውን ነበር፤ እሱን ይዤም ልወጣ ተዘጋጅቼ ነበር መሰለኝ።

«ጥለኸኝ መሄድህን እችለዋለሁ» አሉ። «እኔም ወጣት ነበርኩ። ሰው ሁሉ ፊት ግን ጠበቃህ አደረግኸኝ። ሚስቴን እንኳን ባንተ ተቆጣኋት።»

ባለቤታቸው ዝም ብለው ረከቦቱን አነሱ።

ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ አሁን ከሌሎች ጋር ይሮጣሉ። ስላይጎ ክሪክ ላይ ስንተላለፍ ቆብ ከፍ አድርገው፣ ስለ ቤተሰቤ ጠይቀው፣ በወጉ ሰላም ይሉኛል። ሽማግሌ ልልክ አንድ ሁለት ሰው አማክሬ ነበር። ሽማግሌ የሚላከው ለተጣላ ሰው ነው፣ እሳቸው አልተጣሉህም አሉኝ።