ካሜራዬን ይዤ ሐረር ብወርድ...

ሐረር ደርሼ መጣሁ። አንዴም አይደል፣ ሁለቴ! ሁለተኛውን ጉዞ ያመጣብኝ የገዛ ጥፋቴ ነው። «የመጀመሪያ ካሜራ ልገዛ ነው፣ ምን ትመክረኛለህ?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ ልጆች ስላላችሁ፣ ጥፋቴን ሳልደብቅ ላጫውታችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕቁብ ወጣልኝ። ዕቁብ ሲወጣለት ሰው ፍሪጅ ይገዛል፣ ጥርሱን ይታከማል፤ እኔ ሆዬ ዲኤስኤልአር ካሜራ አማረኝ። አንድ የሐረር ልጅ ጓደኛ አለኝ። ካሜራ ልገዛ መሆኑን ሲሰማ «እንግዲያው ሐረር እንውረድና አያቴን ፎቶ ታነሳልኛለህ» አለኝ። አያቱ ሰማንያን አልፈዋል። ያላቸው ፎቶ መታወቂያቸው ላይ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም ማኅተም አርፎበት ግማሽ ፊታቸው የለም። «ምን ችግር አለ!» አልኩት። ካሜራው ገና ሱቅ ውስጥ ነው እኮ!

አገዛዜ መጥፎ አልነበረም። ያገለገለ ካኖን 700ዲ ነው የመረጥኩት፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 18 ሜጋፒክስል። ካምፓኒዎቹ ፊታቸውን መስታወት ወደሌላቸው አዳዲስ ካሜራዎች ስላዞሩ፣ ያገለገሉ ዲኤስኤልአሮች ለኛ ዓይነቱ ጀማሪ የሚቀመሱ ሆነዋል። «24 ሜጋፒክስል ካልሆነ» የሚላችሁን አትስሙት። ኤ4 ወረቀት ላይ ጥርት አድርጎ ለማተም 9 ሜጋፒክስል እንኳ አይሞላም የሚፈለገው።

ሻጩ ፊት ሳላፍር የመረመርኩት ነገር ግን አለ። ሌንሱን ወደ ሞባይል መብራት ይዤ በውስጡ አየሁ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነውና ጥላችሁ ውጡ። ቀጥሎ አፐርቸሩን ኤፍ 16 ላይ አድርጌ ሰማዩን አነሳሁ፤ ሰማዩ ላይ ጥቋቁር ነጥቦች ከታዩ ሴንሰሩ አቧራ ይዟል። ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰም ጠየቅሁ። የጀማሪ ካሜራ ሹተር ብዙውን ጊዜ 100,000 ገደማ ነው የሚባልለት፤ ሰርግ ሲያነሳ የኖረ ካሜራ ይሄን ለመጨረስ ብዙ ዓመት አይፈጅበትም።

ኒኮን ለምትወዱ ደግሞ አንዲት ነገር። ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ በውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም። «ኤኤፍ-ዲ» የሚባለውን የድሮ ሌንስ በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ ብትገጥሙበት በእጃችሁ ስታሽከረክሩ ትውላላችሁ። «ኤኤፍ-ኤስ» የሚለውን ፈልጉ።

እሺ፣ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው? ሌንሱ ላይ!

ካሜራው 18-55 ከሚባለው የተለመደ ሌንስ ጋር ነው የመጣው። በቀረችኝ ብር አንድ ሌንስ መጨመር እችላለሁ። ሻጩ ሁለት አቀረበልኝ። አንዱ 55-250፣ ክንድ የሚያህል ነገር። ሌላዋ 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8፤ ድንች የምታክል፣ ዙም እንኳ የሌላት። «ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች?» ብዬ ሳቅሁባት። ረጅሙን አንገቴ ላይ ሳንጠለጥለው ጋዜጠኛ ጋዜጠኛ ሸተትኩ። ከፈልኩ።

ሐረር በአውቶቡስ ሩቅ ናት፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ። አዋሽን አልፋችሁ የጭሮን ተራራዎች ስትወጡ መስኮቱን ላለመክፈት ከሰው ጋር ትጣላላችሁ፤ ከዚያ ቁልቢ፣ ከዚያ ሐረር። በአውሮፕላን ድሬዳዋ ወርዶ ከዚያ በመኪና መውጣትም ይቻላል፤ ዕቁቡን ያልጨረሰ ሰው ይሞክረው።

ጀጎል ውስጥ ስገባ ግን ድካሜ ሁሉ ጠፋ። አምስቱ የጥንት በሮች፣ ሮዝና አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀባ ግድግዳ፣ መኪና ግርግር ላይ ተደርድረው የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎች... ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መተላለፊያ ውስጥ ያ የተናቀ 18-55 ሌንሴ 18ቱ ላይ ሆኖ ግንቡን ከነሰማዩ ያስገባልኛል። ሥጋ ተራው ዘንድ ጭልፊቶች ከሰማይ ተወርውረው የግመል ሥጋ ቁራጭ ሲነጥቁ ደግሞ ረጅሙን ገጠምኩ። የኛ ካሜራ ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ 250 ሚሊ ሜትሩ በትልቅ ሴንሰር ላይ ያለ 400 ነው የሚመስለው። የጭልፊቱ ጥፍር እንኳ ታየኝ! «አየህ?» አልኩት ጓደኛዬን። «አየሁ» አለኝ፤ «አያቴ ግን ጭልፊት አይደሉም።»

(በነገራችን ላይ ገበያው ውስጥ ሴቶቹን ሳታስፈቅዱ እንዳትተኩሱ። «አይሆንም» ካሉ አይሆንም ነው። አንዷ እናት ጥላቸውን ከፍተው ከለሉኝ፤ ደግ አደረጉ።)

ሲመሽ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲበላ ለማየት ሄድን። የጅቡ ሰው በየስማቸው ይጠራቸዋል፤ ከጨለማው ውስጥ አንድ በአንድ ይመጣሉ። መብራቱ የአንድ ባጃጅ ብቻ ነው። ተኮስኩ፣ ተኮስኩ፣ ተኮስኩ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳየው ሁሉም ጭስ! ሌንሱ «የእጅ ንቅናቄ ያረጋጋል» ተብሎልኛል፤ እውነትም ያረጋጋል፣ ግን የኔን እጅ ነው እንጂ የጅቡን አንገት አይደለም። ፍላሽ ያበራሁባቸውም ጅቡ ሁለት አምፖል የበራበት ጆንያ መስለው ወጡ። ይሁን፣ ጅብ ነው ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ግን አያትየው ቤት ገባን። የሐረሪ ቤት ታውቃላችሁ? ነደባ የሚሉት ደረጃ ደረጃ መቀመጫ አለው፤ ግድግዳው በሰሃንና በስፌት ተሸፍኗል፤ ብርሃኑ የሚገባው ከበሩ ነው። አያትየው ልብሳቸውን ቀይረው፣ ሽታ ሽታ ብለው ጠብቀውናል። ፍላሽ ሳበራ ፊታቸውን ሸፈኑ። ዓይናቸውን ተቀድደው ነበርና ያማቸዋል። አጠፋሁት። ያለ ፍላሽ 18-55ቱ 55 ላይ ሲደርስ አፐርቸሩ ከኤፍ 5.6 አይከፈትም፤ አይኤስኦ 1600 ላይ አድርጌ እንኳ ሹተሩ ከሰከንድ አንድ ስድስተኛ በላይ አልፈጥን አለኝ። በዚያ ላይ አያትየው ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሠላሳ ፎቶ አንስቼ አንድም የጠራ የለም። «ወጣልኝ ልጄ?» ሲሉኝ «ወጣ እማማ» ብዬ ዋሸሁ። ጓደኛዬ ሰምቶኛል። እስከ ማታ አላናገረኝም።

ብቻዬን ራምቦ ቤት ሄድኩ፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ ይኖርበት ነበር የሚባለው፣ ግን አንድ ህንዳዊ ነጋዴ የሠራው ቤት። እዚያ የድሮ ሐረርን ፎቶግራፎች አየሁ። ያ ገጣሚ ሐረር ሳለ ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጥቶ ነበር። በ1883 እ.ኤ.አ.፣ 28 ዓመቱ ላይ፣ ራሱን አንስቶ ለቤተሰቡ ላከ፤ ፎቶዎቹን ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለነበር እየነጡ መሄዳቸውንም ጽፎላቸዋል። እሱ ውሃውን ያማርራል፣ እኔ ደግሞ ማንን ላማርር?

አዲስ አበባ ተመልሼ ክንድ የሚያህለውን ሌንስ በኪሳራ ሸጥኩና ድንቿን ገዛሁ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 5.6 ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። አንድ ስድስተኛ የነበረው ሹተር አንድ ስልሳኛ ይሆናል ማለት ነው፤ ያን ያህል ከፈጠነ የሚስቅ ሰው ፊት ይያዛል። አንድ ጣጣ አለባት፤ በኛ ካሜራ ላይ 80 ስለምትመስል ጠባብ ክፍል ውስጥ ወደ ኋላ ታስኬዳለች። ኒኮን ያላችሁ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8ቱን ብትወስዱ ቤት ውስጥ ይሻላችኋል።

ከሦስት ወር በኋላ ተመለስን። አያትየው አንገቴን አይተው «ያ ትልቁስ? ሰረቁህ?» አሉኝ። በሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ በጎን እንዲያርፍ አስቀመጥኳቸውና ወደ ኋላ ስሄድ ከነደባው ጠርዝ ልወድቅ ነበር። ሳቁ። የመጀመሪያዋ ፎቶ ሻሻቸው ጠርቶ ዓይናቸው ደበዘዘ፤ አፐርቸር ሰፍቶ ሲከፈት ፎከሱ ጣት የምታህል ቦታ ነው የሚይዘው። ፎከሱን ዓይናቸው ላይ አድርጌ ደገምኩ።

እዚያው ሐረር አሳትመን ይዘንላቸው መጣን። መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ወደ በሩ ዞረው ብዙ ዝም አሉ።

«ይቺ እናቴ ናት» አሉ።

ጓደኛዬ በአደርኛ አንድ ነገር ነገራቸው። ፎቶውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ወደኔ ዞሩ። «ትንሽም አድርገህ አምጣልኝ ልጄ፣ ለመታወቂያው።»