የእስስት ጾም

በዋግ ኽምራ፥ በሰቆጣ፥ አንድ የቆሎ ተማሪ ከቊጥቋጦ ላይ እስስት አንሥቶ በቅርጫት አኖረ። የሞቱ ዝንቦችን በፊቱ አፈሰሰለት፤ ውሃም በገል አቀረበለት። እስስቱ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሳይቀምስ ዋለ፤ መልኩም ጠቈረ። ልጁም አዝኖ፥ «የኔታ፥ ይህ ፍጥረት ምግብ መራጭ ሆነብኝ» አለ።

መምህሩም እንዲህ ሲሉ መለሱለት፤ «ልጄ፥ መራጭ አትበለው፤ ጠባዩን አልመረመርህምና። እስስት የሚንቀሳቀሰውን እንጂ የሞተውን አይከጅልም። ውሃም የሚጠጣው ከቅጠል ላይ ጠብታውን እየላሰ ነው። ገላውም የሚሞቀው በፀሐይ ስለ ሆነ፥ በብርድ ቢበላ ሆዱ አይፈጭለትም።»

ልጁም ቅርጫቱን ወደ ፀሐይ አወጣ፤ ጥላ የሚሆን ቅርንጫፍ አቆመ፤ ቅጠሉን በውሃ ረጨ፤ አንድ ፌንጣም ለቀቀ። እስስቱ አንዱን ዐይኑን ወደ ፌንጣው፥ ሁለተኛውን ወደ ልጁ አደረገ። ልጁ ራቅ ባለ ጊዜ ግን ሁለቱን ዐይኖቹን ባንድነት አቀና፤ ገላውን ያህል የሚረዝመውንም ምላሱን ወርውሮ ፌንጣውን ያዘ።

በማግስቱ መምህሩ «በላልህን?» ቢሉት፥ «አዎን፥ የኔታ፤ በላ። ስለዚህም ገበታው ወደ ሞላበት ወደ ቊጥቋጦው መለስሁት» አለ።

ሳያውቁ መውደድ የወደዱትን ያስርባል።