መያዣ

በጓሮዬ፣ ከግራሩ ሥር፣ በአሮጌ ሸራ ተሸፍኖ አሥራ አራት ወር የቆመ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነበረኝ። «ነበረኝ» ማለቴ እንኳ ልክ አይደለም፤ ብስክሌቱ የታናሽ ወንድሜ ነው። እኔ ዘንድ ያለው በመያዣነት ነው። የመያዣውን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

ዱብሉቅን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጎዳና ያቤሎን ካለፈ በኋላ፣ ሜጋ ከመድረሱ በፊት የሚያገኛት የቦረና ከተማ ናት። በከብት ገበያዋና በጥልቅ የውኃ ጉድጓዶቿ ትታወቃለች፤ ቦረናዎች «ዘጠኙ ቱላ» ከሚሏቸው አንዱ የዱብሉቅ ነው። ራቅ ብሎ ደግሞ ሶዳ አለ፤ ከሥሩ የጨው ሐይቅ የተኛበት የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ፣ አማርኛ ተናጋሪው «ጨው ቤት» የሚለው። ሰዎች ከሐይቁ ውስጥ ጥቁሩን ጨዋማ ጭቃ በእጃቸው ያወጣሉ፣ አህዮች ገደሉን ሽቅብ ይሸከሙታል። የወንድሜ ሥራ ከዚያ በኋላ ያለው ነበር፤ ከገደሉ አፋፍ ጨው ገዝቶ በብስክሌቱ ወደ ዱብሉቅ ገበያ ማምጣት።

ከሆሳዕና ወደ እኔ የመጣው በ2015 ዓ.ም. ነው። ዲግሪውን ይዞ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጎ አላገኘም። እዚህም የጠበቀው ደስ የሚል አገር አልነበረም፤ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከድተው የቦረና ከብት ያለቀበት ድርቅ ገና ማብቃቱ ነበር፣ የመንገዱ ዳር በአጥንት ነጥቶ ነበር። ብስክሌቱን አዲስ አበባ ከሚኖር የአገር ልጅ ላይ አሮጌውን ገዝቶ፣ በአውቶቡስ ጣራ አስጭኖ አመጣው። ከተማው ሳቀበት። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ መንግሥት ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ሲነገር፣ እሱ በተራው ሳቀ። «ጋሼ፣ መንግሥት እኔን ተከተለ!» እያለ ሳምንቱን ሙሉ አሰለቸኝ።

ሐሳቡ ግን የሱም የመንግሥትም አይደለም። ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ፣ ሞተሩ በኋላ ጎማው መሐል ለሚገኝ ብስክሌት የፈጠራ መብት ያገኘው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 31 ቀን 1895 ነበር፤ ዓድዋ ሁለት ወር ሲቀረው። የእርሳስ ባትሪው ከዚያም ይቀድማል፤ ፈረንሳዊው ጋስተን ፕላንቴ የሠራው በ1859 ነው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በአራተኛው ዓመት። ከወንድሜ ኮርቻ ሥር የነበሩት አራቱ ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በመሠረቱ ያው የፕላንቴ ልጆች ናቸው። አንዱ ከሌላው ተያይዘው 48 ቮልት ይሰጣሉ፤ ሲሞሉ የሚይዙት አንድ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም።

ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ላይ ብስክሌቱ ታመመ። ነዳጅ መስጫውን ሲጠመዝዙት (የሚሰጠው ነዳጅ ባይኖርም ስሙ ያው ነው) ይንቀጠቀጣል፣ ክርር ይላል፣ ይቆማል። ወንድሜ በጭነት መኪና ወደ ሌላ ከተማ ወስዶ አሳየው። ያየው መካኒክ ኮርቻውን እንኳ በወጉ ሳይከፍት «ባትሪው ሞቷል፣ አራቱም ይቀየሩ» አለው። የአራቱ ዋጋ ከወር ደመወዜ በለጠ።

ጊዜው ክፉ ነበር። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን ነው፤ በዚያ ሰሞን በምሠራበት ባንክ ጠዋት ጠዋት የዶላሩን ቁጥር ሰሌዳው ላይ የምለውጠው እኔ ነበርኩ። 57 የነበረው በአንድ ቀን 74 ገባ፣ ወሩ ሳይሞላ መቶን ተሻገረ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በየቀኑ ሲሸሽ በዓይኔ አያለሁ። ማታ እራት ላይ ወንድሜ፣ «ጋሼ፣ ባትሪውን ብትገዛልኝ በስድስት ወር እከፍልሃለሁ» አለኝ።

ገንዘቡ አልነበረኝም ብል እዋሻለሁ። ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ነበረኝ። እኔ ግን እንጀራዬን እየጠቀለልኩ፣ በቀልድ መልክ፣ በመስኮት በኩል ለደንበኛ እንደምናገረው አድርጌ «መያዣህ ምንድን ነው?» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ነገሩ በዚያው አለፈ።

መስከረም ላይ ለያሆዴ አብረን ሆሳዕና ልንገባ ፈቃድ ጠይቄ ነበር። በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት ስነሣ አልጋው ተነጥፏል፣ ሰውየው የለም። ጠረጴዛው ላይ፣ ለማስታወሻ እያልኩ ከሥራ ይዤ የምመጣው የተበላሸ የገንዘብ ማስገቢያ ቅጽ ተገልብጦ ተቀምጧል፤ በላዩ የብስክሌቱ ቁልፍ። ከቁልፉ ሥር በእጅ ጽሑፉ አንድ ቃል፤ «መያዣ»።

ከደጄ የሚያልፈው አስፋልት ሞያሌ ያደርሳል። ከሞያሌ ማዶ ኬንያ፣ ከዚያ ታንዛንያ፣ ከዚያ ማላዊ ወይም ዛምቢያ፣ እያለ ደቡብ አፍሪካ። የሐዲያና የከምባታ ልጅ ይህን መንገድ በካርታ ሳይሆን በዘመድ ስም ነው የሚያውቀው፤ የእገሌ ልጅ ያለፈበት፣ የእገሊት ልጅ የቀረበት እያለ። እኔም ቁጥር መያዝ ሥራዬ ነውና ቁጥሮቹን አውቃቸዋለሁ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ፣ በጭነት ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የሞቱ 64 ኢትዮጵያውያን። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በማላዊ ምዚምባ ጫካ የተገኘው የጅምላ መቃብር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ፣ በዛምቢያ ሉሳካ ዳርቻ የተጣሉ፣ የኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የታመነ 27 አስከሬኖች። ወንድሜ ድምፁን ባጠፋባቸው አራት ወራት እነዚህን ቁጥሮች እንደ ጸሎት መደጋገም ሆነ ሥራዬ። እናታችን ስትደውል «መስክ ላይ ነው» እላታለሁ። ምን መስክ እንደሆነ ጠይቃኝ አታውቅም።

በአራተኛው ወር ከጆሃንስበርግ ደወለ። ደኅና ነኝ አለ። ስለ መንገዱ አልነገረኝም፣ እኔም ስለ ብስክሌቱ አላነሣሁበትም።

ሸራውን የገለጥኩት ባለፈው ኅዳር ነው። ምክንያቱ አሮጌ ብረት የሚገዛ ሰው ነበር፤ በአጥር ላይ አሻግሮ አየውና ዋጋ ሰጠኝ። እንቢ አልኩት። ሲሄድ ግን ነገሩን አሰብኩት። መያዣ የሚሸጠው ተበዳሪው ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ነው። እዚህ ላይ ግን ብድር የተሰጠው ማን ነው? የተከለከለውስ? በእኛ ሥራ እንዲህ ያለ ውል የለም። በዚያኑ ማታ ካቻቪቴ ተዋስኩ።

በቴስተር ስለካቸው አንዱ ባትሪ ሦስት ቮልት፣ ሌላው ስድስት፤ አራቱ ተደምረው ሃያ አልሞሉም። ጤነኛ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ ለብቻው 12.7 ገደማ ያሳያል። ቻርጀሩን ስሰካውም ባትሪ መኖሩን እንኳ አላወቀም። የእርሳስ ባትሪ ባዶውን ሲቀመጥ በሰሌዳዎቹ ላይ ጨው መሰል ነገር እየደደረ ይሸፍናቸዋል፤ ከጊዜ በኋላ ኤሌክትሪክ አይቀበሉም። መካኒኩ ልክ ነበር ማለት ነው አልኩ። ያን ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩትን ገንዘብ አወጣሁ። አራት አዳዲስ ባትሪዎች በአውቶቡስ መጡልኝ፤ ያልቀነሰ ዋጋቸውን ከፍዬ፣ ሽቦውን በሥዕሉ መሠረት አያይዤ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አደረግሁ። ሌሊቱን ሙሉ ማለቴ መብራት በነበረበት ሰዓት ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ፣ የቦረናን ምድር አቋርጦ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ሱስዋ የሚገባ ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር አለን፤ በጓሮዬ ግን ሻማ አይጠፋም።

ጠዋት ቁልፉን ከፈትኩና መስጫውን ጠመዘዝኩ። ተንቀጠቀጠ፣ ክርር አለ፣ ቆመ።

ያንኑ። ያንኑ ድምፅ፣ ያንኑ መንቀጥቀጥ።

ለሁለት ሳምንት ወደ ጓሮ አልወጣሁም። በመጨረሻ አንድ የሞባይል ጠጋኝ የቦረና ወጣት ለመንኩ። ከኋላ ጎማው የሚወጡትን ሽቦዎች አየ፤ ሦስቱ ወፋፍራሞች፣ አምስቱ ቀጫጭኖች ናቸው። «ወፍራሙ ጉልበት ነው፣ ቀጭኑ ወሬ ነው» አለኝ። የሞተሩ ጥቅል ሽቦዎች በሦስት ወገን ተከፍለው በየተራ ኤሌክትሪክ ይቀበላሉ። ተራው የማን እንደሆነ ኮንትሮለሩ የሚያውቀው፣ ማግኔቱ የት እንደደረሰ በሚነግሩት ሦስት ጥቃቅን ሴንሰሮች ነው። ሆል ሴንሰር ይባላሉ፤ በ1879 ነገሩን ባገኘው በኤድዊን ሆል ስም። አንዱ ወሬ ማቀበል ካቆመ ተራ ይዛባል፣ ወገኖቹ ይጎታተታሉ፣ ጎማው ይንቀጠቀጣል።

ይህን ሲነግረኝ ኤላው ታወሰኝ። በበጋ ወደ ቱላው የወረደ ሰው አይቶታል፤ ወንዶች ከጉድጓዱ ሥር እስከ አፉ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ ባልዲ እየተቀባበሉ ውኃውን ወደ ገንዳው ያወጣሉ፣ እያወጡም ይዘፍናሉ። ዘፈኑ የድካም ማስረሻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከመካከል ያለው ሰው ሳል ያዘውና ዜማው ተቋረጠ፤ ባልዲው ከላይኛው እጅ ሳይገባ ወደቀ። የላይኛው መቼ እንደሚዘረጋ፣ የታችኛው መቼ እንደሚለቅ የሚነግራቸው ያ ዜማ ኖሯል።

ልጁ ጎማውን በእጁ በዝግታ እያዞረ ቴስተሩን በየተራ ቀጫጭኖቹ ላይ አሳረፈ። ቢጫው ዜሮ፣ አምስት፣ ዜሮ፣ አምስት። ሰማያዊው እንደዚያው። አረንጓዴው ጸጥ። ሽቦውን ተከትሎ ከጭነት ማስቀመጫው ሥር ወዳለው ሶኬት ደረሰና ነቅሎ አሳየኝ። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ጋግሯል፤ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ጣቱን በምላሱ አስነክቶ ሳቀ። «ሶዳ» አለ።

ጨው ነበር። ከጆንያው እየተንጠባጠበ፣ ወንድሜ እንጀራ ብሎ የጫነው ጨው፣ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር ሽቦ በልቷል። ልጁ ቆረጠ፣ ላጠ፣ በሳልዳቶሪ በየደው፣ በፕላስቲክ ጠቀለለው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። የጠየቀኝ የሁለት ሻይ ዋጋ ነው። ጎማው ድምፅ ሳያሰማ ዞረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማይለቀኝ ነገር አለ። ወንድሜ ባትሪ በለመነኝ ማታ ባትሪው በእርግጥ ሞቶ ነበር? ወይስ ያን ጊዜ የታመመው ይህ ሽቦ ብቻ ነበርና ባትሪዎቹን የገደላቸው በኔ ጓሮ መቀመጣቸው ነው? መመርመር አይቻልም። የዚያን ቀን ማስረጃ ራሱ አሥራ አራት ወር ከሸራ ሥር በስብሷል። በመጀመሪያው ግምት ወንድሜን የነፈግሁት የወር ደመወዝ ነው፤ በሁለተኛው ደግሞ የሁለት ሻይ ዋጋና አንድ ማታ አብሮት ጎንበስ የሚል ሰው። የቱ እንደሚሻል አላውቅም። ግጥም ልጽፍበት ሞክሬ ነበር፤

ሽቦ ባጠፋበት ባትሪ ተከሰሰ፣
የፈረደው ዳኛ ኋላ አለቀሰ።

ከዚህ ማለፍ አልቻልኩም። ቤት መታ፣ ግን ቀለለብኝ። ዳኛው ደግሞ አላለቀሰም፤ በማግሥቱ ሥራ ገብቶ ሰሌዳው ላይ ቁጥር ለውጧል።

ባለፈው እሑድ ወንድሜ ደወለ። ከኋላው የገበያ ጫጫታ ይሰማል። ስለ እናታችን ጉልበት፣ ስለ ዝናቡ ተጨዋወትን። ከዚያ «ብስክሌትህ ተነሣ» አልኩት። ለአፍታ ዝም አለ።

«እውነትህን ነው ጋሼ?»

«ገበያ ደርሼበት መጣሁ።»

«ባትሪው ነበር አይደል?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት። «ባትሪ ቀየርኩ» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ደረሰኙም አለ።

«ብዬህ ነበር እኮ!» አለ፣ እንደ ልጅነቱ ድምፁ ከፍ ብሎ። «የሶዳን ዳገት ወጣች?»

«ገና ነው።»

«ቶሎ ጨው እንዳትጭንባት ታዲያ። መጀመሪያ ባዶዋን አለማምዳት።»

«እሺ» አልኩት።